የገዛ ሣሬን ስቆርጥ ዋልኩ

ሰው ሁሉ ሣር ላይ መንፈላሰስ ይወዳል። «ይህን ሣር ማን ቆረጠው? ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም። በሬም አይጠይቅም። በዚህ ጉዳይ ሰውና በሬ አንድ ናቸው… ልዩነቱ በሬው ሣሩን መብላቱ፣ ሰውየው ፎቶ መነሣቱ ብቻ ነው!

እኔ ግን ጠየቅሁ። ማለቴ… ተጠየቅሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ (ካላችሁ ነው እንግዲህ!) ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት አዋሽ ጣቢያ፣ ከባቡር ፉርጎ ጎን ላይ ነው። አትክልተኝነትንም ያስተማረኝ የለም፤ እንዲያውም ዛፎቹ ናቸው ከእኔ የተማሩት። ዛሬ ሰመራ ጠጠር ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ፣ ወይ የእኔ እጅ አለበት፣ ወይ ቀለም ነው።

በቅርቡ እዚያው ሰመራ የሚከፈት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢውን እንዳስውብ አዘዘኝ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፋጡማ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ረጋ ያለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

«ጋሼ፣ ሣሩ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«ከመልካ ወረር ወዲያ ካለ እርሻ፤ በስልክ ነው ያዘዝኩት። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው!»

«የሚቆርጡት ሰዎችስ? መሄድ ሲፈልጉ ይሄዳሉ?»

«ወይዘሮ ፋጡማ፣ እኔ የምገዛው ሣር ነው፤ ሰው አይደለም!»

«እኔም የምጠይቅዎት ሰዎቹን ማን እንደገዛቸው ነው። ሄደው በዓይንዎ ካላዩልኝ ሣሩ በበሬ አይገባም።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ… ተነሣሁ። የአትክልት ሥራ ልብሴን እንደለበስኩ አዋሽ መናኸሪያ ብደርስ፣ ሰዎች የጫነ አይሱዙ ቆሟል።

«አባባ፣ ወደ ወረር ነው? ይውጡ!» አለኝ ሾፌሩ።

«ስንት ነው?»

«ነፃ ነው!»

በሽበቴ የተከበርኩ መሰለኝ። አንተ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ… ሲባል እኮ ስለ ሌላ በሬ ይመስለኝ ነበር!

እርሻው በር ላይ ዘበኛው የሁላችንንም መታወቂያ ሰበሰበ። ምን ይገርማል? በዚህ አገር በር ላይ መታወቂያ አስይዞ መግባት፣ ሲወጡ መቀበል ልማድ ነው። መታወቂያ ሳያስይዙ የሚገባበት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው የቀረን። ሰጠሁ። «ስልክዎንም ቻርጅ ላድርግልዎት» ሲለኝማ፣ ምን ያለ ጨዋ ነው ብዬ መረቅሁት። አያችሁ መራቂውን!

ወዲያው ካቦው መጥቶ አካፋ አስጨበጠኝ።

«ሽማግሌው፣ በዚያኛው መስመር ግባ!»

«እኔ እኮ ገዢው ነኝ!»

«ባለፈው የመጣውም ሻለቃ ነኝ ብሎ ነበር። ቆርጦ ቆርጦ አሁን ማዕረጉን ረስቶታል።»

ወደ ዘበኛው ሮጥኩ። «መታወቂያዬን ስጠኝና ልሂድ!»

«በነፃ ጭኖ ያመጣዎት ደላላ ሳይፈቅድ አይሰጥም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ይኸኛው ወረቀቱን ያዘ እንጂ ሞኝ አልነበረም። «ጥለህ አትወጣም ነበር?» ትሉኛላችሁ። በየኬላው መታወቂያ በሚጠየቅበት መንገድ፣ ያለ ስልክ፣ በዚያ ፀሐይ? እናንተ ውጡና አሳዩኝ!

ቆረጥኩ። አጠገቤ ሰይድ የሚባል የባቲ ሰው ይቆርጣል።

«ልጅ ተወልዶልኛል፤ ግን እስካሁን አላየሁትም» አለኝ። «ስም ለማውጣት እኔን ይጠብቃሉ፤ የእኔ መታወቂያ ደግሞ ዘበኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«እስከዚያ ምን ይሉታል?»

«‹ልጁ› ይሉታል። ወላሂ፣ ትንሽ ከቆየሁ ‹አቤት› ማለት ይጀምራል!»

ሳቅን። አባት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ስም ያጣ ሕፃን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ይህ ሁሉ ሣር ለማን ነው?» አልኩት፣ እንዳላወቀ ሰው።

«ሰመራ ግቢ ለሚያስውብ አንድ ጉረኛ ሽማግሌ ነው አሉ። ዋጋ ሲከራከር አይጣል ነው!»

«ጉረኛ እንኳ አይደለም። የሚያውቀው ስለበዛበት ነው።»

«ያውቁታል እንዴ?»

«በሩቁ።»

ቀትር ላይ፣ አስቀድሜ ያዘዝኩት ሣሩን የሚጭነው መኪና ገባ። የሚነዳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔው ሾፌር ታደሰ!

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ጥራት እየተቆጣጠርኩ ነው!»

ሰይድ አካፋውን ጣለ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሣሩን አየ… ባያየኝ በወደድኩ። ባለ እርሻው መታወቂያዬንና ስልኬን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ስህተት ነው!»

«የቱ ነው ስህተቱ? እኔን መያዝህ ነው ወይስ ሰው መያዝህ? የሌሎቹንም አምጣ!»

«እንዳይጠፉብኝ እኮ ነው! ለደላላው የከፈልኩባቸውን ሳይጨርሱ…»

«ማታ ማታ እንዳይጠፋ የሚቆለፍበት ዶሮ ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ ባስወረዱኝ ዋጋ ወዶ የሚቆርጥ ሰው ያግኙልኝ፤ እኔም አልቆልፍም!»

ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከዚህ ታሪክ ያላመነችው ይህችን ብቻ ነው።

ግን ሣር አውቃለሁ። የተቆረጠ ሣር በአዋሽ ፀሐይ ካልተጫነ፣ ሳይመሽ ድርቆሽ ነው። አንዱ ጥቅል ላይ ቁጭ አልኩ።

«ታደሰ፣ ሞተሩን አጥፋ። መታወቂያ ሳይወጣ ሣር አይጫንም!»

«ሣሩ ይሞታል እኮ!» አለ ባለ እርሻው።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ!»

ሣሩ ከሞተ ግን ለወይዘሮ ፋጡማ ምርቃት የማነጥፈው የራሴን ጋቢ ነው! የጥቅሎቹ ጠርዝ ቢጫ መሆን ጀመረ። ባለ እርሻው ሣሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ፀሐይዋን አየ… መሳቢያው ተከፈተ።

ሰይድ መታወቂያውን ተቀብሎ ፎቶውን ትክ ብሎ አየና «ይህ ነው እንዴ መልኬ?» አለ። ከሌሎቹ የሄዱም አሉ፤ የቀሩትም መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ በአዲስ ዋጋ ጫኑልኝ። አዎ፣ ዋጋ ጨመርኩ። እኔ! ሰይድን ጋቢና አስገብተን ሚሌ መገንጠያ ላይ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ አወረድነው።

በሳምንቱ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ በእርስዎ ስም ልሰይመው ብዬ ነበር። እናቱ ‹ልጄ ጉረኛ ከሚሆን ያለ ስም ይቅር› አለች!»

ሴትዮዋ አታውቀኝም። ይቅር ብያታለሁ።

የምርቃቱ ቀን ሱፌን ለብሼ ሰመራ ደረስኩ። አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ መታወቂያ ያስይዙ።»

«ታያታለህ እንጂ አትይዛትም!»

«ደንብ ነው!»

«የእርሻው ዘበኛም ደንብ ነው ባይ ነበር!»

ወይዘሮ ፋጡማ ወጥተው እስኪያስገቡኝ ምርቃቱ አለቀ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፤ እንግዳው ሁሉ ሣሬ ላይ ተንፈላሶ ፎቶ ይነሣል። ማን ቆረጠው ያለ የለም። እኔ ግን መታወቂያዬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ቆሜ ነበር። በዚያ ቀን ሰመራ ላይ ከሁሉም ነፃው ሰው እኔ ነበርኩ… በፀሐይ የተጠበስኩትም እኔው!