ያለ ፈቃድ ያደጉ አሳማዎች

ታላላቅ ሰዎች የሚገኙት ከቤተ መንግሥት ነው የሚል ካለ፣ ወደ አሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት መጥቶ የከተማችንን የአሳማ ጉረኖ ይመልከት። ክቡር ኤልናታን ዊገን የተገኙት ከዚያ ነው።

ቀድሞ ባርኔጣ ሠሪ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውም ዝናብ ካላገኘው እጅግ ጥሩ ነበር። በየካቲት ሚስት አገቡ። በመጋቢቱ የከተማ ስብሰባ አዲስ ሙሽራ የባዘነ አሳማ የሚይዝ የአሳማ ሹም ሆኖ መመረጡ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሰው ይስቃል፣ ሙሽራው የፖም ጠጅ ይጋብዛል፣ ሥልጣኑም ከጠጁ ጋር እዚያው ያልቃል። ዊገን ግን ጠጁን ካስቀዱ በኋላ «ቃለ መሐላዬን ልፈጽም» አሉ። ሳቅን። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ሳቃችን ነበር።

ሕጉ አሳማ አጥር እንዳይጥስ አንገቱ ላይ ልክ የሆነ የእንጨት ቀንበር ይደረግለት ይላል። ልኩ ስንት እንደሆነ ለሃምሳ ዓመት የጠየቀ አልነበረም። ክቡርነታቸው በባርኔጣ መለኪያቸው በሰኔ የአሳማውን ሁሉ አንገት ለክተው መዘገቡ። በነሐሴ ደግመው ቢለኩ፣ ከተመዘገበው ጋር የተስማማ አንገት ጠፋ። ስልሳ አራት አሳማ ተይዞ ጉረኖ ገባ።

ከአንዲት አሳማ በቀር ለበረዶው ወራት ስንቅ የሌላቸው መበለት፣ ወይዘሮ ፔቲንግል፣ ጉረኖው ደጃፍ መጡ።

«አሳማዬን ስጠኝ፣ ኤልናታን። በኅዳር ካላረድኳት በረዶ ልበላ ነው?»

«ተከሳሽ ናት፣ እማማ።»

«ምን አድርጋ?»

«አድጋ።»

«አሳማ የሚቀለበው ሊያድግ አይደል እንዴ፣ አንተ ሰው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሰው ጭንቅላት ለክቻለሁ፤ የማንም ሲያድግ አላየሁም። ሰው የቻለው አሳማን ምን ያቅተዋል?»

«ለመሆኑ አንተን ማን ይሽርሃል?»

«እስከ መጋቢት ማንም። ከፍ ያለ ሹመት ከመጣልኝ ብቻ ነው የምለቀው፤ ሁለት ሥልጣን መደረብ በሕግ ክልክል ነው።»

ወይዘሮዋ ይህን ሰምተው ሄዱ። በአገራችን ሴት ድምፅ አትሰጥም። ስለዚህ ወይዘሮ ፔቲንግል ድምፅ ያላቸው ወንዶች ቤት እየዞሩ ወሬ ከማውራት በቀር ምንም አላደረጉም።

በመስከረም ለግዛቱ ምክር ቤት እንደራሴ ስንመርጥ፣ ክቡር ዊገን ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፉ። ሁለቱ ተፎካካሪዎቻቸው እንኳ የመረጡት እሳቸውን ነው፤ የአንደኛው ሰባት አሳማ ጉረኖ ውስጥ ነበር።

«ሕዝቤ ይህን ያህል እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር» አሉ ክቡርነታቸው፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ።

«ሹመት ያዳብር፣ ወንድሜ» አላቸው አንጥረኛው፣ ሻንጣቸውን ወደ ሠረገላው እየወረወረ። «ብቻ እዚያው ያዳብር።»

ሠረገላው ኮረብታውን ሳይዞር ጉረኖው ተከፈተ። የወይዘሮ ፔቲንግል አሳማ ከነጥፋቷ ቤቷ ገባች።

በጥቅምት ከዋና ከተማው የክቡርነታቸው ደብዳቤ መጣ፤ ባለቤታቸው ለሁላችንም አነበቡልን፦

«ውዴ ሆይ፣ እዚህ ልቤን የሚያውቁ ወንድሞች አገኘሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው በገዛ ከተማው የጭስ ማውጫ ሁሉ ቁመቱ እኩል እንዲሆን የደከመ ሰው ነው፤ ከኋላዬ ያለው ዶሮ ከፀሐይ በፊት እንዳይጮኽ ደንብ ያወጣ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ነን። አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም እንደኔው ከየከተማቸው ያለ አንዳች ተቃውሞ የተመረጡ ናቸው፤ ሻንጣቸውን ሳይቀር የተሸከመላቸው ሕዝቡ ነው። ነገ ለግዛቱ ሁሉ ሕግ ማውጣት እንጀምራለን።»