ለ«ነጎድጓድ» የተገኘው ፕሮዲዩሰር

በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ሮዘተንቪል ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ ባለ ጋራዥ የተመሠረተው «ነጎድጓድ» የሮክ ባንድ በሦስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ያስመዘገበው ውጤት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ባንዱ ዐርባ ሰባት መደበኛና ዐሥራ አንድ አስቸኳይ ስብሰባዎችን አካሂዷል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴና ክብ ማኅተም አለው። መተዳደሪያ ደንቡ ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። ዘፈን ግን አልቀዳም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት እንደነበረው ቃለ ጉባኤዎቹ በዝርዝር ያስረዳሉ።

ሊቀ መንበሩ ጊታር ተጫዋቹ አልአዛር ነው። ፋርማሲስት ነው፤ ለሰው መድኃኒት ሲሰጥ መጠን ያውቃል፣ ጊታር ሲይዝ አያውቅም። ጸሐፊው ብሥራት ቤዝ ይጫወታል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ ያስተምራል፣ ቤዙ ከሁሉም በላይ ካልተሰማም ደንብ እንደተጣሰ ይቆጥረዋል። ድራመሩ አጵሎስ የሆሳዕና ልጅ ነው። ድራም የተማረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሆን ኦሬንጅ ፋርም ላይ ስፓዛ የሚባል የሰፈር ሱቅ አለው። ልምምዱ ወደ ዐሥር ሰዓት በተጠጋ ቁጥር ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ የኦሬንጅ ፋርም ታክሲ ሰልፍ መንገድ ተሻግሮ ይጠመዘዛልና።

አራተኛዋ ሔራን ናት። ዘፈኖቹን የምትጽፈውም የምትዘፍነውም እሷ ናት። በባንዱ ውስጥ ግን ምንም ሥልጣን የላትም፤ የሥራ አስፈጻሚው ምርጫ በተካሄደበት ዕለት ልምምድ ያለ መስሏት ማይክራፎን ይዛ ስለመጣች በዕጩነት አልቀረበችም።

ሔራን ሳንድተን ባለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የአደጋ ስሌት ትሠራለች። የጻፈችው ዘፈን «እምቢ» ይባላል። አዝማቹ ይኸው አንድ ቃል ነው፤ አራት ጊዜ፣ በሙሉ ጉሮሮ ትጮኸዋለች። በቅርቡ ኒውታውን ውስጥ የሚካሄድ አንድ ፌስቲቫል፣ እስከ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት የተቀዳ ዘፈን ልከው ለተመረጡ ባንዶች ሃያ ሃያ ደቂቃ መድረክ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሔራን የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ዘፈኑ በዚህ ሳምንት ካልተቀዳ መቼም እንደማይቀዳ ታውቃለች። ሙያዋ ነው።

መጀመሪያ ያመጣችው ታንዴካን ነበር። ታንዴካ ብራምፎንቴይን ውስጥ ስቱዲዮ ያላት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ባንድ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። ጋራዡ ድረስ መጥታ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ዐሥር ደቂቃ ሰማቻቸው።

«ዘፈኑ ጥሩ ነው» አለች። «ከጊታሩ ግማሹ ይውጣ። ቤዙ ይቀነስ። ድራመሩ ወዴት ነው የሚቸኩለው?»

«ታክሲ» አለ አጵሎስ።

«ጠዋት እንቅዳዋ።»

ሦስት ዓመት ያልተፈታ ችግር በዐሥራ አምስት ሰከንድ ስለተፈታ ባንዱ ክፉኛ ቅር ተሰኘ። በማግስቱ ዐሥራ ሁለተኛው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ሙያዋን የሚክድ የለም» አለ አልአዛር። «ግን ሰው ፊት ‹ግማሹ ይውጣ› ይባላል? ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠይቃኝ፣ ቀስ ብላ ብትነግረኝ…»

«ግማሹን ታወጣው ነበር?» አለች ሔራን።

«አላወጣውም። ግን አልቀየምም ነበር።»

«የቤዝ ቅነሳን በተመለከተ» አለ ብሥራት፣ «አንቀጽ ዘጠኝ ጉዳዩ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ሴትዮዋ አባል እንኳ አይደለችም።»

«ለእኔ ጠዋት፣ የዚህ አገር ሰው እንደሚለው፣ ‹ሻርፕ› ነው» አለ አጵሎስ። «የጠዋቷ ነገር ተስማምታኛለች።»

«አጵሎስ፣ እጅህን ሳታወጣ ነው የተናገርከው።»

አጵሎስ እጁን አወጣ። የሚለውን ግን ቀድሞ ብሎት ስለነበር መልሶ አወረደው።

ከአራት ሰዓት ውይይት በኋላ ኮሚቴው አንድ ጥልቅ ግኝት ላይ ደረሰ፦ የባንዱ ችግር የሙዚቃ ሳይሆን የሰላም እጦት ነው፤ ስለሆነም የሚያስፈልገው ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሳይሆን ሰላም የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ መስፈርት ለፕሮዲዩሰርነት ከጋሽ ለማ የሚወዳደር አልተገኘም። ዶክተር ለማ የውኃ ምሕንድስና መምህር ናቸው። በከተማው ባሉ ሐበሾች ዘንድ የሚታወቁት ግን በሽምግልናቸው ነው፤ ሠላሳ አንድ ትዳር አስታርቀዋል፣ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ምክንያት ለሁለት የተከፈለ ጉባኤንም መልሰው አንድ አድርገዋል። ሮክ ሰምተው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ገለልተኛ መሆናቸውን ያጠናክራል ተብሎ ታለፈ።

ሔራንም እጇን አወጣች። ባታወጣ ስብሰባው አምስተኛ ሰዓቱን ይይዝ ነበር። ብዙ ታሪካዊ ውሳኔዎች በሙሉ ድምፅ የሚጸድቁት በዚህ መንገድ ነው።

ታንዴካ ስቱዲዮዋን እንድታቀርብና የመቅጃውን ቁልፍ እንድትጫን ተፈቀደላት።

«ሰውዬው ከዚህ በፊት ምን ሠርቷል?» ስትል ሔራንን ጠየቀቻት።

«ሠላሳ አንድ ትዳር።»

«ዛሬም አብረው ናቸው?»

«ናቸው። አይነጋገሩም እንጂ።»

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ለማ ሳምቡሳ በካርቶን አስይዘው ስቱዲዮው ገቡ። የፕሮዲዩሰሩን ወንበር አዙረው፣ ጀርባቸውን ለመቅጃው መሣሪያ፣ ፊታቸውን ለሰዎቹ ሰጥተው ተቀመጡ። ቀኑ እያንዳንዱ የቅሬታውን አመጣጥ ሲያስረዳ ዋለ። አልአዛር ብቻውን ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አስረዳ። ታንዴካ ቁልፉን አንድም ጊዜ አልተጫነችም፤ ሳምቡሳውን ግን ወዳዋለች።

ሐሙስ ዋናው ሥራ ተጀመረ።

«አልአዛር ልጄ» አሉ ጋሽ ለማ፣ «ለሰላም ስትል አንተ ምን ትተዋለህ?»

አልአዛር ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን ሶሎውን ተወ። ብሥራት ይህን ሲያይ ዐይኑ እንባ አቀረረ። በመልካምነት መበለጥ ስላልፈለገ ቤዙን ወደ አንድ ክር አወረደው። ያኔ አልአዛር የቀረውንም ጊታር ተወ። ብሥራት አንዷን ክር ፈታ። አጵሎስ የሚተወው ሶሎም ክርም ቢያጣ ጸናጽሎቹን፣ ቀጥሎ ትልቁን ከበሮ፣ በመጨረሻም ዱላዎቹን አስረከበ፤ በጣቱ እንዲመታ ተስማማ። ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ለሦስት ዓመት ያልታየ ፍቅር ነበር። ታንዴካ ክፍሉን ከሚለየው መስታወት ወዲያ ሆና ማይክራፎኖቹን አንድ በአንድ ታጠፋ ነበር።

«ደግሞም» አሉ ጋሽ ለማ፣ «‹ነጎድጓድ› የሚለው ስም ሰው ያስደነግጣል። ‹ካፊያ› ብትሉትስ?»

ጸደቀ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሔራን ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«እኔ ምን?»

«ወንድሞችሽ ሁሉ ሰጥተዋል።»

«ጋሼ፣ ዴድላይኑ ሁለት ሰዓት ነው የቀረው።»

«ለሰላም ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። ይቺ ‹እምቢ› የምትያት ነገር ለጆሮ ትከብዳለች። የሰማ ሁሉ ‹እኔን ነው እንዴ?› ይላል። ‹እስቲ እናያለን› ብትይውስ?»

«አራት ጊዜ?»

«አንዴ ይበቃል። ዝግ ብለሽ።»

«እሷ ከወጣች ዘፈኑ ምን ይቀረዋል?»

«መግባባት።»

ሦስቱ ወንዶች በእርጋታ ተመለከቷት። ሁሉንም ነገር የተወ ሰው ምንም ያልተወን ሰው እንደሚያይ ያለ አስተያየት ነበር። ሔራን ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ታንዴካ ትከሻዋን ሰበቀች። የቁልፍ ጫኝነት ሥልጣን ወሰን አለው። ሔራን አሰላች፦ እምቢ ብትል ዘፈኑ አይላክም፤ እሺ ብትል የሆነ ነገር ይላካል። ከምንም የሆነ ነገር ይሻላል አለች። ከቢሮ ውጭ ስሌት ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ስህተት ነበር።

«እስቲ እናያለን» አለች፤ አንዴ፣ ዝግ ብላ።

ዘፈኑ ተጠቃሎ ሲታይ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ሆነ። ፌስቲቫሉ የሚቀበለው ከሦስት ደቂቃ ጀምሮ ነው። የጎደለውን በምን እንሙላ ሲባል ማንም የማይቃወመው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የጋሽ ለማ ምርቃት። ጋሽ ለማ ከወንበራቸው ተነሥተው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክራፎን ፊት ቆሙ። ድምፃቸው ኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ነበር። ባንዱ ከኋላ «አሜን» አለ። ሲጨርሱ በመስታወቱ ውስጥ ታንዴካን አዩአት።

«አንዴ ልድገማት» አሉ። «መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ አጥሮኛል።»

አምስት ጊዜ ደገሟት። ቅጂው ለዐሥራ አንድ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ተላከ። ሔራን ከስቱዲዮው ስትወጣ ታንዴካ በሩ ላይ፣ «ሰላሙን ስትጨርሺ ነይ» አለቻት።

መልሱ ሰኞ መጣ። ሔራን ቢሮዋ ተቀምጣ አነበበችው። ፌስቲቫሉ «ካፊያ»ን በመድረኩ ለማስተናገድ አለመቻሉን በአክብሮት ገለጸ። ነገር ግን ድምፀ ሻካራው አዛውንት መራጮቹን ወንበራቸው ላይ አድርቋቸዋል፤ ለብቻቸው ሃያ ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል፤ ከተቻለ ከኋላ «አሜን» የሚሉት ሰዎች ባይኖሩ ይመረጣል።

ማክሰኞ ጋሽ ለማ ደወሉላት። ጥቁር የቆዳ ጃኬት መግዛታቸውን አስቀድመው አበሠሯት።

«ምርቃቱን ወደ ዐሥራ ስድስት ደቂቃ አሳድጌዋለሁ» አሉ።

«ቢያጥር አይሻልም ጋሼ? ትንሽ ቢተው…»

«ከእሱ አንዲት ቃል አትወጣም።» እንደዚህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምታ አታውቅም። «አራት ደቂቃ ትቀረኛለች። ያቺን ዘፈንሽን እፈልጋታለሁ። እንደ ድሮዋ፣ ከነጩኸቷ።»

«‹እስቲ እናያለን› የሚለውስ?»

«እሱማ ምን ጉልበት አለው ብለሽ ነው?»

«የሚጮኸው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

ሔራን የዘፈኑን ርዕስ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ሽማግሌ እልክብሻለሁ» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሔራን በር ተንኳኳ። አልአዛር፣ ብሥራትና አጵሎስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኬክ ይዘው ቆመዋል። ክራባታቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነበር።

«የመጣነው ለሰላም ነው» አለ አልአዛር።

«እናንተ ናችሁ ሽማግሌዎቹ?»

«ጋሼ አምነውብናል። ያቺን ዘፈን እንድትሰጫቸው ልንለምንሽ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እሺ፣ ሰጠኋቸው እንበል። ባንዱስ?»

ሦስቱ ተያዩ።

«ባንዱ» አለ ብሥራት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወደ ኮሚቴ አድጓል።»

«መሣሪያውስ?»

«መሣሪያ ለሥራችን ዋነኛ እንቅፋት ሆኖ ተገኝቷል። ከተውነው ወዲህ አንድም ቀን አልተጣላንም።»

«ድራሙ ላይ እኔ ዱቄት ደርድሬበታለሁ» አለ አጵሎስ፤ እጁን አውጥቶ ነበር።

ሔራን ኬኩን ተቀበለች። «ነገ ጠዋት ታንዴካ ጋ እቀዳለሁ» አለች፤ «ልምምድ ላይ ነኝ።» በሩንም ዘጋች።

ልዑካኑ ደረጃው ላይ ቆመው እዚያው ቃለ ጉባኤ ያዙ። ኬኩን መቀበሏ እንደ በጎ ምልክት እንዲወሰድ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። ብሥራት «ተልእኮው በስኬት ተጠናቋል» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን ከኪሱ ሲያወጣ ከበሩ ወዲያ ጩኸቱ መጣ። እምቢ። እንደገና እምቢ። የደረጃው መስኮት ነዘረ፤ ፎቅ ላይ አንድ ውሻ መለሰላት።

በሦስተኛው እምቢ ላይ የአጵሎስ ጫማ ደረጃውን መምታት ጀመረ፤ ልክ በቦታው፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ። አልአዛር በዐይኑ ከለከለው። ጫማው አልሰማም።

ብሥራት ማኅተሙን አስቀምጦ ብዕሩን መልሶ አነሣና ከፊርማው በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ አንድ መሥመር ጨመረ፦ «አንድ አባል በተልእኮ ላይ ሳለ ሙዚቃ ሲጫወት እጅ ከፍንጅ ስለተያዘ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመርቷል።»