«አጥብቀው» አለችኝ

ዘመኑ 2017፣ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት። ትናንት የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ ግን አትሳቁ!

እሺ ሳቁ።

ጎረቤቴ ኡጁሉ የአያቱ ሳጥን አለው። አያቱ ድሮ ባሮ ወንዝ ላይ መርከብ በሚመጣበት ጊዜ ከአንድ ነጋዴ የገዙት ነው። እንጨት ነው፤ ላዩ ወርቅ ቅብ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ብርጭቆና የዝሆን ጥርስ ተሰክቶበታል። ከአዲስ አበባ አንዲት የቅርስ ባለሙያ መጥታ በአጉሊ መነጽር ስታየው ዋለችና «ይሄ የጥንት ግብፅ ሥራ ነው» አለች።

ኡጁሉ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ!

የእሱ ጣሪያ ያፈሳል። የእኔ የእንጨት ሥራ ቤት ደረቅ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ እኔ ጋ አደረ። እሷ ትናንት ጠዋት የማደሻ ዕቃ ከአዲስ አበባ ልታመጣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች።

እዚያ ሆና ሜሴጅ ላከችልኝ።

እኔ የማነበው ፊደል እየለቀምኩ ነው። «አባባ፣ እስክመለስ ሳጥኑን አደራ አጥብቀው…» እዚህ ላይ ዓይኔ ደከመ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

አጥብቀው?! «አባባ» ብላኝ አፏን ሳትዘጋ «አንተ» አለችኝ!

ግን እውነቷን ነው፤ መጋጠሚያው ላልቷል። ልጠይቃት ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። በርራለች።

ዕድሜ ልኩን በር ሲገጥም የኖረ ሰው ማጥበቅ ያቅተዋል?

እጀታውን አዙሬ እንጨት የምቆነጥጥበት ሞርሳ ውስጥ አስገባሁት። አንድ ዙር። ሁለት ዙር።

ቀጭ!

ወርቁ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወለሉ ላይ ረገፈ።

ኡጁሉ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ስልኬን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ፦ «…አጥብቀው ይጠብቁ።»

«አንተ ሽማግሌ! ጠብቅ ተባልክ እንጂ አጥብቅ ማን አለህ?»

ለካ «እርስዎ» ነው ያለችኝ! አክብራኝ ነበር እኮ!

ኡጁሉ ስልኬን መልሶልኝ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አለ። ከአያቱ የቀረው ዕቃ ይሄ ብቻ ነው።

ከሰዓት ራሷ ደወለች። ነገርኳት። «አይጥረጉ! የረገፈው ሁሉ ካለ መልሼ እለጥፈዋለሁ» አለች።

ሁሉ ካለ።

ሁለት ሽማግሌ ወለል ላይ ተንበርክከን ለቀምን። ወርቁ አለ። የዝሆን ጥርሱ አለ። አንዷ ሰማያዊ ብርጭቆ የለችም! ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ተገኘች።

የት? የእኔ ሸበጥ ሥር ተሰክታ! ስፈልጋት የዋልኩት እሷኑ እየረገጥኩ ነው።

ዛሬ ማለዳ ሞርሳዬን ከጠረጴዛው ፈትቼ ኡጁሉ ቤት ተሸክሜ ሄድኩ። «ልጅቷ እስክትመለስ ይሄ አንተ ጋ ይቀመጥ» አልኩት።

ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«አጥብቄ ልጠብቀው?»