ሪዛሙ ጨቅላዬ

እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፣ በደርግ ጊዜ ስብሰባ ላይ እስክቀመጥ ድረስ። እኛ የላሊበላ ሰዎች ከእንግዳ ጋር ነው ያረጀነው። ለገና ተሳላሚው ከየአገሩ ሲጎርፍ መደቡን ለቀን መሬት እንተኛለን፤ ከየት መጣህ የሚባለውም እግሩ ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። እናንተ የተማራችሁት ወረቀት አይታችሁ ታምናላችሁ፤ እኛ ደግሞ እግር አይተን።

ታዲያ አንድ እሑድ ከወረዳ የመጣ ካድሬ ሰበሰበንና፣ አገራችን ከዓለም መንግሥታት ጋር እንደተፈራረመች፣ ተሰዶ የመጣን ሰው ለአሳዳጁ አሳልፋ እንደማትሰጥ ነገረን። ደስ ብሎን አጨበጨብን። እጃችን ሳይወርድ ቀጠለና፣ ይለፍ ወረቀት የሌለው እንግዳ ያሳደረ ሰው አብሮ ይታሰራል አለ። ለዚያም አጨበጨብን፤ ያን ጊዜ ጭብጨባ አይመረጥም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ፣ "ጌታዬ፣ ያ ውል ከዚህ ከጎረቤታችን ከሙጃ ለሚመጣ አይሠራም?" ብዬ ጠየቅሁ። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ነው አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ የሙጃ ሰው ባሕር ከየት አምጥቶ ይሻገር?

ሳምንት ሳይሞላ አመሻሽ ላይ ደሳለ የሚባል የሙጃ ልጅ ከደጄ ቆመ። ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ ታፍሶ ያመለጠ ነው። ሁለት ወንድሞቹ ዘምተው አልተመለሱም፤ ለእናቱ የቀረላት እሱ ብቻ ነው። ወረቀት የለው፣ ባሕር አልተሻገረ። ጎረቤቴን ዘርፌን ለምስክርነት ጠራሁና አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ አጠባሁት። በእኛ አገር እንዲህ የተደረገለት የጡት ልጅ ነው፤ ከአብራክ ልጅ አይለይም።

ጠዋት የቀበሌ ሊቀመንበራችን አበጋዝ አንድ ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ሲወለድ እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከተሾመ ወዲህ ግን ጓድ ነው።

"እማ ጥሩ፣ እንግዳ አሳድረዋል ይባላል።"

"እንግዳ የለኝም። ልጄ ነው፣ የጡት ልጄ። ዘርፌን ጠይቃት።"

አበጋዝ በስብሰባ የፈለገውን ይበል እንጂ የጡት ልጅን አይክድም፤ የገዛ አያቱም በማር የተወለዱ ናቸው። ፈገግ አለ።

"እንግዲያው እሰየው። ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ተራዋ ሲደርስ ትሰጣለች። የእርስዎም ተራ ደርሷል።"

አያችሁ ጉዴን? እንግዳ ቢሆን የሚታሰርበት ሕግ ነበር፤ ልጅ ባደርገው የሚዘምትበት ሕግ ተነሣ። ደሳለ ከኋላዬ ነጠላዬን ጨብጦ ይዟል።

"ጨቅላ መዝመት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" አልኩ።

"የምን ጨቅላ? ሪዝ አውጥቷል እኮ።"

"የወለድኩት ትናንት ነው፤ እትብቱ እንኳ አልደረቀም። ደግሞስ አራስ ቤት ጠመንጃ ይዞ መግባት ከማን ተማርክ? እናትህ አንተን ስትወልድ እንዲህ ያለ ጉድ አልደረሰባትም።"

መጀመሪያ በሳቅ የተሸነፈው ታጣቂው ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ቢያዞርም ትከሻው አጋለጠው። አበጋዝ ከንፈሩን ነክሶ አንዴ ሪዛሙን ጨቅላ፣ አንዴ ጥርስ የሌላትን አራስ አየ።

"በእርስዎ ዕድሜ መውለድ ከባድ ነው" አለ። "ክርስትናው መቼ ነው?"

"ወንድ በአርባ ቀኑ ነው፤ ረሳኸው እንዴ?"

"እንግዲያው ያን ዕለት እመጣለሁ" አለና ታጣቂውን እየጎተተ ወጣ።

እንዳለውም በአርባ ቀኑ መጣ፣ ብቻውን። ደሳለ ግን ቀደም ብሎ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወርዷል። አበጋዝ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ጎረቤት እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ልጁስ?" አለኝ።

"ዳዴ ማለት ጀምሮ ከደጅ ወጣ። መንገድ ላይ አላገኘኸውም?"

"የዘንድሮ ልጅ ቶሎ ያድጋል" ብሎ ለክርስትናው ያዘጋጀሁትን ገንፎ ወደ ራሱ ሳበ። እኔም ቅቤ ጨመርኩለት።