ኳስ የማይለቀው ጸሐፊ

የ“አማራጭ” ጨዋታ አጥኚ ኮሚቴ 14ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደብረ ብርሃን፣ አቶ ሠረቀብርሃን የተከራዩት ክፍል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ ዘሥላሴ — ሰብሳቢ
ወ/ሮ አልታየች — አባል
አቶ ሠረቀብርሃን — የፕሌስቴሽኑ ባለቤትና ሯጭ
አቶ ወልደተንሣኤ — ኳስ ያዥ፣ እንዲሁም የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ለተጊዮርጊስ። ምክንያት፦ “ያ ሰውዬ ኳሷን እስኪለቅ አልመጣም” ብለዋል። ያ ሰውዬ የተባለው ጸሐፊው ነው።

ከአምስት አባላት አራቱ ተገኝተው በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ስለገቡ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ሥራ ግምገማ

ሰብሳቢው፣ ኮሚቴው በቴሌቪዥን ከፕሌስቴሽኑ ጋር የሚገጥመው ጨዋታ እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ መሆኑን አስታወሱ። “አማራጭ” በሚባለው ስልት ኳስ ያዡ ወደ ጎን እየሮጠ የመጨረሻውን ተከላካይ ያያል፤ ተከላካዩ ወደ እሱ ከመጣ ለሯጩ ይወረውራል፣ ወደ ሯጩ ከሄደ ይዞ ይሮጣል። በሦስት ወር 212 ጊዜ ተሞክሮ ኳሷ ለሯጩ የተወረወረችው ዜሮ ጊዜ መሆኑ ተገለጸ። ጸሐፊው ጣቱ በብርድ ደንዝዞ እንደሆነ አስረዳ። ወ/ሮ አልታየች ይኸው ጣት ዳቦ ሲቆርስ ደንዝዞ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ሠረቀብርሃን ዝውውር

አቶ ሠረቀብርሃን ሰኞ በሥራ ወደ ደነባ ከተማ እንደሚዛወሩ፣ ፕሌስቴሽኑንም ይዘው እንደሚሄዱ አሳወቁ። ከዚያም፣ “ወልዴ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከጎንህ ሮጥኩ። እስቲ ሳልሄድ አንዴ እንኳ አቀብለኝ” አሉ። ጸሐፊው በጣም አፍሯል፤ ማፈሩ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር የጠየቀው ራሱ ነው።

አጀንዳ 3፦ አሠራር

ወ/ሮ አልታየች ተከላካዩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ደብዳቤ ይጻፍለት አሉ። ሰብሳቢው ተከላካዩ አድራሻ እንደሌለው ገልጸው፣ ይልቁንስ አንድ ሰው በአንድ ሰከንድ ብቻውን መወሰኑ ከአሠራር ውጭ ስለሆነ ጨዋታው እዚያው ላይ እንዲቆምና እጅ በማውጣት ድምፅ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ በዚሁ መሠረት እንዲሠራ፣ ጸሐፊው አሁንም ካልወረወረ ከኳስ ያዥነት እንዲነሣ፣ አቶ ሠረቀብርሃንም በክብር እንዲሸኙ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ አፈጻጸም

ጨዋታው ተጀመረ። ተከላካዩ በቀጥታ ወደ ጸሐፊው መጣ፤ ጨዋታው እንዲቆም ተደረገ። እንዲወረወር የደገፉ ሦስት፣ ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ተአቅቦው የጸሐፊው ነው።

ሰብሳቢው እጅ ቆጥረው ሳይጨርሱ፣ ሦስት ወር ያልቸኮለው ጸሐፊ ቸኮለ። ጨዋታውን አስቀጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወረወረ። አቶ ሠረቀብርሃን ለድምፅ ያወጡት እጅ ገና አልወረደም፤ ጆይስቲካቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ኳሷ ተንከባለለች። ተቃራኒው ቡድን አንሥቶ እስከ ሜዳው ጫፍ ሮጠና ነጥብ አስቆጠረ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። አቶ ሠረቀብርሃን ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ “አቀበልከኝ እኮ! አንተ ሰውዬ፣ አቀበልከኝ!” አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ኳሷ ብትወረወርም ስላልተያዘች ጉዳዩ እንዳልተቋጨ ይቆጠራል። ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፦ እጅ ማውጣት ቀርቷል፣ ጸሐፊው አይነሣም፣ ሽኝት የለም። ዝውውሩን ለመሻር ኮሚቴው ሥልጣን ስለሌለው፣ ፕሌስቴሽኑ እዚሁ ደብረ ብርሃን ቀርቶ ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደነባ እየመጡ እንዲሮጡ ራሳቸው ጠይቀው፣ ማንም እጁን ሳያወጣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስብሰባው 11፡20 ላይ አበቃ። ለፊርማ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ስለነበር ጸሐፊው ለአቶ ሠረቀብርሃን ወረወረላቸው፤ በአንድ እጃቸው ቀለቡት።