«ምን ጎደለባት?» የሚሉት እትዬ ጽጌ

እንደው እናንተ ሰፈር «ምን ጎደለባት?» ባይ የለም? እኛ ሎንደን፣ ዌምብሊ ሰፈር፣ እትዬ ጽጌ አሉልን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ሐና የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ትላለች። እሳቸው ታዲያ በሩ ላይ ቆመው «የራሷ ክፍል አላት፣ ስልክ አላት፣ ምን ጎደለባት?» ይላሉ። ጠበል አጠጧት፤ ልቅሶው ግን ወሩን ጠብቆ ተመለሰ። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረጉ።

እኔን ይዘውኝ የሄዱት እንዳስተረጉምላቸው ነው። ሐና እንግሊዝኛ አቅቷት መሰላችሁ? ሎንደን ተወልዳ! እናቷ ስላላመኗት ነው እንጂ።

ሐኪሟ «ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል ስሜትም አብሮ ይለዋወጣል፤ ቅብጠት አይደለም። እንዲህ ከከበዳት እንረዳታለን» አለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አስተረጎምኩ።

ማን ሰምቶኝ! እትዬ ጽጌ በዚያ የጥር ብርድ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «መስኮት ክፈቱልኝ» ይላሉ። ሐኪሟ ዞር ብላ «እርስዎስ? የወር አበባዎ ሊቋረጥ ይሆን? እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብትላቸው፣ አስተርጉሜ ሳልጨርስ ለልጃቸው የቀረበውን ሶፍት ስበው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። በሃምሳ ዓመታቸው! እኔ ምኑን ላስተርጉም?

ሐና ወንበሯን አስጠግታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ማሚዬ፣ ክፍል አለሽ፣ ስልክ አለሽ፤ ምን ጎደለብሽ?»

እትዬ ጽጌ እያለቀሱ ሳቁ።

ሐና ዛሬም አንዳንዴ በሯን ትዘጋለች። ግን አሁን እናቷም አብረዋት ከውስጥ ናቸው አሉ።