ሊቀ ሌንሳት አረጋዊ

ካሜራ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ፎቶ የሚያነሳና ሌንስ የሚመርጥ። ፎቶ የሚያነሳው ምንጊዜም ሌላ ሰፈር ይኖራል። የእናንተን ሠርግ የሚያነሳው ሌንስ የሚመርጠው ነው።

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ብዙም ለማይርቀው ለእኛ ሰፈር፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ የደረሱን ጋሽ አረጋዊ ነበሩ። መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረቻቸው። ለመታወቂያ ፎቶ የገባ ሰው ስለ ሌንስ መስታወት በቂ ትምህርት ሳይቀስም አይወጣም። እኔ በልቤ «ሊቀ ሌንሳት» ብዬ ሾምኳቸው። ሹመቱ ሳይነገራቸው ቀረ እንጂ ይገባቸው ነበር።

የእሳቸውም የእኛም መከራ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑ ነው። የሰፈራችን ግማሽ ሰው አየር መንገድ ይሠራል። ሌላው ከፍራንክፈርት ሽቶ፣ ከዱባይ ጫማ ሲያስመጣ እሳቸው ሌንስ ያስመጣሉ። አንዲት ሆስተስ ሻንጣዋን ይዛ ከታክሲ ስትወርድ ካዩ፣ ደንበኛቸውን ወንበር ላይ አገጩን ቀና እንዳደረገ ትተውት ይሮጣሉ።

ሌንሷ ስትመጣ ደግሞ የምትገጥምበት ካሜራ የለም። ካሜራው ሲገኝ ለካሜራው የሚሆን ፍላሽ የለም። ሁሉም ሲሟላ ሙከራ ይጀመራል። ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አንስተዋቸዋል። አንዱን ፎቶ አሳዩኝ፤ በርበሬው ዛላው እስኪቆጠር ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ነጋዴዋ ግን ጉም ሆናለች።

«ጋሽ አረጋዊ፣ ሴትየዋስ?» አልኳቸው።

«ሌንሷ አልፈቀደችም።»

ይቺ መልሳቸው ናት። ሙሽራዋ ዓይኗን ከጨፈነች ሌንሷ አልፈቀደችም። ኬኩ ተቆርጦ ከተበላ በኋላ ከደረሱም ሌንሷ አልፈቀደችም።

ታናሽ እህቴ ሰብሊ ልታገባ ስትል ሌላ ፎቶ አንሺ እንድንፈልግ ለመንኩ። እማዬ እምቢ አለች። «ጎረቤት እያለ? አረጋዊ ይከፋዋል» አለች። እማዬ ከታመመች ከርማለች፤ ከአልጋዋ የምትነሳው ተደግፋ ነው። ማን ይከራከራታል? ሰብሊ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ባሏ በዳሳ ወደሚሠራበት ወደ ነቀምት መሄዷ ነው። ከሠርጉ የምትፈልገውን አንድ ነገር ደጋግማ ነግራኛለች። «እማዬ ስትመርቀኝ የሚያሳይ ፎቶ። ሌላው ቢቀር ይቅር።»

ይህንኑ ለጋሽ አረጋዊ ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ለዚህማ ሰማንያ አምስቷ ናት» አሉ። ሰማንያ አምስቷ ለሰው ፊት የምትሆን ሌንስ መሆኗን ሳልወድ በግዴ ተምሬያለሁ። በማግስቱ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። «ሳሎናችሁ ጠባብ ነው። በሰማንያ አምስቷ እናትህን ላነሳ ግድግዳውን አልፌ ጎረቤት ቤት መግባት አለብኝ። ሰፊዋ ሃያ ስምንት ትሻላለች።» ቀጥሎ ሃያ ስምንቷ አፍንጫ ታሳብጣለች ተባለ። ሳሎኑ በሜትር ተለካ። ሶፋው ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። በሠርጉ ዋዜማ ደግሞ ጭራሽ አዲስ ካሜራ በአውሮፕላን መጣላቸው። ሲያሳዩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እባክዎ ጋሽ አረጋዊ፣ ነገ የለመዱትን አሮጌውን ይዘው ይምጡ።»

«አሮጌው የሚያውቀው የቀበሌ መታወቂያ ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ይሄ ሠርግ ነው!»

የሠርጉ ዕለት ቦርሳ በቦርሳ ሆነው መጡ። እማዬ ተነስታ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሳሎን ተቀመጠች። ሰብሊና በዳሳ ጉልበቷን ሳሙ። ምርቃቱን ስትጀምር ጋሽ አረጋዊ «አንዴ ይቆዩልኝ!» ብለው ሌንስ መቀየር ያዙ። ቀይረው ሲጨርሱ ምርቃቱ አልቋል። «እንደገና ይመርቁልኝ» አሉ። እማዬ ደክሟታል፤ ግን ፈገግ ብላ ደግማ መረቀች። ፍላሹ ብልጭ ብልጭ አለ። ከዚያ ደግፈን ወደ መኝታ ቤቷ መለስናት። ቤተ ክርስቲያንም ሄደን ያው ሆነ፤ ቀለበቱ ሲገባ ሊቀ ሌንሳት ጭንቅላታቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር።

ሙሽሮቹ ወደ ነቀምት ሊሄዱ ሲሰናዱ ጋሽ አረጋዊ የታጠበውን ፎቶ ይዘው መጡ። በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። እኔና ሰብሊ ተቀብለን አየነው። ቤት ውስጥ የተነሳው ሁሉ ግማሹ ጥቁር ነው። በአንዱ ግማሽ ሰብሊ ቬሏን ለብሳ ታበራለች፤ ሌላው ግማሽ ጨለማ ነው። በዳሳ ሠርጉ ላይ አልተገኘም ማለት ይቻላል። ከእማዬም የሚታየው በሰብሊ ራስ ላይ ያረፉት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።

«አጣቢዎቹ ናቸው ያበላሹት?» ብዬ መውጫ ሰጠኋቸው። ብዙ ፎቶ አንሺ በዚያች በር ነው የሚያመልጠው።

«አይደለም» አሉ ጋሽ አረጋዊ። «አዲሱ ካሜራ ከፍላሽ ጋር በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ሳላጣራ ነው ያነሳሁት። ፍላሹ ሲበራ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ ግማሽ ድረስ ተዘግቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሌንሷን እንዲከሱ ጠበቅኩ። አልከሰሷትም።

ሰብሊ ፎቶዎቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች፤ ለቅሶዋ እስከ በሩ ይሰማል። ጋሽ አረጋዊ ጥቂት ቆመው አዳመጡና ዞረው ሄዱ። አፈሩ፣ ከእንግዲህ በደጃችን አያልፉም ብዬ ሳስብ፣ ያንኑ ሁሉ ቦርሳ ተሸክመው እያለከለኩ ተመለሱና ቀጥ ብለው እማዬ ክፍል ገቡ። እኔም ሰብሊን ይዤ ተከተልኳቸው።

«እትዬ የሺመቤት፣ አጥፍቻለሁ። ከሰብሊ ጋር ደግሜ ላንሳዎት» አሉ።

«አልጋ ላይ? ተው አረጋዊ፤ በሽተኛ ሆኜ አልነሳም።»

«አልጋው አይታይም! ሰማንያ አምስቷን ካደረግኩ ከጀርባዎ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ችግሩ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሃምሳዋ ደግሞ መሀል ሰፋሪ ናት፣ ምናልባት ትንሽ ወደ ኋላ ብል...»

እያወሩ ወደ ኋላቸው ሲሄዱ ቁምሳጥኑን ገጩት። ከላዩ የተከመረው ብርድ ልብስ ወርዶ ራሳቸውን ሸፈነው። ሊቀ ሌንሳት ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው ንግግራቸውን ቀጠሉ፤ «...ሃያ ስምንቷ ግን አፍንጫ ታሳብጣለች።»

እማዬ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም። ሰብሊ በለቅሶ ያበጠ ዓይኗን ይዛ አብራት ሳቀች፤ ሄዳም አንገቷ ሥር ተወሸቀች።

«አንተ አረጋዊ» አለች እማዬ ሳቋ ሳይበርድ፣ «ሰውን የምታየው መቼ ነው?»

ጋሽ አረጋዊ ብርድ ልብሱን ጣሉት። አዩአቸው። ካሜራውን አነሱና ተጫኑት። አልለኩም፤ አልቀየሩም፤ ማንንም «ቀና በይ» አላሉም።

እማዬ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ቀብሯ ላይ የሚያዝ ፎቶ ሲፈለግ ማንም አልተከራከረም፤ ያንኑ አስተልቀን አሠራነው። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ የሰብሊም ትከሻ ተቆርጧል። እማዬ ግን ልትናገር የመጣች ነው የምትመስለው።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ አረጋዊ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ከሁሉም ኋላ ይሄዳሉ። አንድ ከሰዓት አጠገቤ ተቀምጠው ፎቶውን ትክ ብለው ሲያዩት ያዝኳቸው። ዓመታት ሙሉ የሸሸሁት ትምህርት ያን ቀን አማረኝ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ክፍሉ ጥበት እስኪመሽ ቢያወሩልኝ ደስታዬ ነበር።

«ጋሽ አረጋዊ» አልኳቸው፣ «በየትኛዋ ሌንስ ነው ያነሷት?»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አላስታውስም፣ ልጄ» አሉ።